ለመረሬ የሚሆን ብስክሌት

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12፡10። አቃቂ በሰቃ

ከቤቴ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ሌሊቱን የጣለው የሰኔ ዝናብ አባርቷል፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ግን አሁንም ጠብ ጠብ ይላል። በትከሻዬ ባነገትኳት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶና የመታወቂያ ካርዴ አሉ።

ለጋዜጣ ከጻፍኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ለምን እንዳቆምኩ ማወቁ አንባቢን የሚጠቅም አይመስለኝምና እዚህ አላነሣውም። እንደገና ብዕር ያስያዘኝ የብስክሌት ጉዳይ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶን ወደ ፒስታ፣ ከፒስታም ወደ ጥቁር ጭቃ የሚያሻግር አንድ ብስክሌት መምረጥ። እንዲህ ያለውን ነጋዴዎቹ «ግራቭል» ይሉታል። መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ ሆኖ ጎማው ወፈር ያለና ጥርስ ያለው ነው።

ብስክሌቱ ለእኔ አይደለም። ልጄ ሰብለ የእንስሳት ሐኪም ናት። የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምታክማቸው ከብቶች ግን ከሕንፃዎቹ ወዲያ፣ እርሻው ገና ባልተነካበት በኩል ናቸው። የመሥሪያ ቤቷ ሞተር ሳይክል ከቆመ ወራት ስለሆነው በእግሯ ትሄዳለች፤ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከትንሣኤ በኋላ በጣለው ዝናብ፣ ምጥ ላይ ላለች ላም ተጠርታ ዘግይታ ደረሰች። ላሟም ጥጃውም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ስትስቅ አላየኋትም። አሁን ጂንካ ሌላ ሥራ ቀርቦላታል፤ መኪና አለው፤ መልሷንም እስከ ሰኞ ይጠብቃሉ።

ይህን የነገረችኝ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ምሳ ስንበላ ነው። እኔም «ጂንካ ዝናቡ መልካም ነው» አልኳት። ማለት የፈለግሁት ይህን አልነበረም። ሳህኖቹ ከተነሡ በኋላ «ብስክሌትስ ቢሆን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አባባ፣ የዚያን አገር ጭቃ የሚያልፍ ብስክሌት ካገኘህልኝ አስብበታለሁ» አለች። የተናገረችው እንደ ቀልድ ነበር። እኔ እንደ ቀልድ አልያዝኩትም።

12፡40። ለማ ጋራዥ

ለማ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። በወጣትነቱ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ይወዳደር ነበር። ያን ጊዜ ፈረቃ ሲለወጥ ከፋብሪካው ግቢ የሚወጣው የብስክሌት ብዛት መንገዱን ይሞላው እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ። እኩያዬ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከእኔ በዐሥር ዓመት ወጣት ነው። ጋራዡ አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ ቸርኬዎች እንደ ወንፊት ተሰቅለዋል፤ ወለሏ ዘይትና የጎማ ማጣበቂያ ይሸታል።

የለማ ደንብ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ገዢው ብስክሌቱን በጠዋት ወስዶ፣ ወደፊት በሚነዳበት መንገድ ላይ ራሱ ነድቶ ያየዋል፤ ስለ ዋጋ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው። መታወቂያው እስከዚያው ለማ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። «ለትዳር ሽማግሌ ይላካል፤ ለብስክሌት ሽማግሌው መንገዱ ነው» ይላል።

ሁለት ብስክሌቶች ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሁለቱም ያገለገሉ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። አንዱ ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ የተወለወለ፣ በአንድ እጅ የሚነሣ። ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ጎማው የወፈረ፣ ከኋላው የዕቃ መጫኛ ብረት ያለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ግራቭል ሳነብ ከርሜ በደብተሬ ላይ ሰንጠረዥ ሠርቼላቸዋለሁ፤ ክብደት፣ የማርሽ ብዛት፣ የፍሬን ዓይነት፣ የአካል ልክ። በሰንጠረዡ ያሸነፈው ሰማያዊው ነው። ሐሙስ ዕለትም የልጄ ልብስ በጭቃ እንዳይበላሽ ብዬ፣ ለማ አይሆንም ቢለኝም ለምኜው ከፊትም ከኋላም ፓራፋንጎ አስገጥሜበታለሁ። ጎማው የሚረጨውን ጭቃ እንዲከላከል ነው።

«ዶክተር፣ ንባቡ አለቀ?» አለኝ ለማ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«አልቋል። ሰማያዊውን እወስዳለሁ።»

«በምን በለጠ?»

«ሁለት ኪሎ ይቀላል። ማርሹም ለዳገት የተሻለ ነው። መድኃኒት ተሸክማ ነው የምትሄደው፤ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል።»

ለማ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጣቶቹን በሰማያዊው ጎማና በፓራፋንጎው መካከል ሊያስገባ ሞከረ። አንዱም አልገባ። ወደ አረንጓዴው ዞረ፤ ጎማውና ጎማውን በያዘው ሹካ መካከል ሁለቱም ጣቶቹ ገቡ፤ ወዲያና ወዲህም ተንቀሳቀሱለት።

«የእኔ ንባብ ይቺው ናት» አለ።

«ታዲያ ልጅቷ እስከ አንገቷ ጭቃ ተለቅልቃ ሰው ግቢ ትግባ ነው የምትለው?»

«የከብት ሐኪም አይደለችም? የትኛው በሬ ነው ቀሚሷን የሚያይላት?»

«ለማ፣ እኔ እኮ አርባ ዓመት ያጠናሁት አፈር ነው። የዚያን መሬት ጠባይ ከአንተ የተሻለ አውቀዋለሁ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ብዬዋለሁ። ለማ መታወቂያዬን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና «መልካም መንገድ፣ ዶክተር። ስልክህን ክፍት አድርግ» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

1፡15። አስፋልት

ብስክሌት ከነዳሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ ለማንም አልነገርኩም። የመጀመሪያዎቹ መቶ ሜትሮች የእኔና የብስክሌቱ ጠብ ነበሩ። ከዚያ እግሬ የረሳውን አስታወሰ። ሰማያዊው በአስፋልት ላይ እንዲሁ ይፈስሳል፤ ማርሹ ሲቀየር ድምፁ እንደ ሰዓት ቆጠራ ነው። ገልባጭ መኪኖች ጭስና ነፋስ እየለቀቁብኝ ያልፋሉ። የፈረቃ ሠራተኞች ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው በዳር በኩል ይጓዛሉ። አንዲት ሠራተኛ «አባቴ፣ ዛሬ ውድድር አለ?» አለችኝ፤ ጓደኞቿ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መንገድ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

2፡05። ቱሉ ዲምቱ

እዚህ ለሻይ ቆምኩ። በሸራ ዳስ ሥር ትኩስ ፓስቲ ከዘይት እየወጣ ነው፤ ለአንድ ፓስቲና ለሻይ ሠላሳ ብር ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጠ የሚኒባስ ሾፌር ሰማያዊውን ዐይኑን ሳይነቅል ያየዋል።

«ጋሼ፣ ይቺ ኮርሳ ናት?»

«የኮርሳ ዘመድ ናት። ኮርሳ የውድድር ናት፣ ከአስፋልት አትወርድም፤ ይቺ ትወርዳለች።»

«ወዴት ልትወርድ?»

«ከኮዬ ጀርባ።»

ሻዩን አስቀምጦ ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ወደ ጎማዬ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። «በሰላም ያግባዎት» አለኝ። በዕለቱ ብዙ ምርቃት ተቀበልኩ፤ ሁሉም ግን በዚሁ የሐዘኔታ ድምፅ ነበር።

ከዳሱ ወጥቼ ውስጥ ለውስጥ በኮብልስቶን መንገድ ገባሁ። እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው ሰላምታ ይሰጣል፤ መሪው እጄን እስከ ክርኔ ያንቀጠቅጠዋል። ቆም ብዬ ከጎማዎቹ ትንሽ ነፋስ ባስተነፍስ ጉዞው ለሰለሰ። በደብተሬ «ኮብልስቶን፤ አልፏል» ብዬ ጻፍኩ።

2፡50። ኮዬ ፈጬ

ሕንፃዎቹ ሩቅ ድረስ ተሰልፈዋል፤ በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል፤ በሥራቸው ጎመን፣ ቲማቲምና የስልክ ካርድ በአንድ ጠረጴዛ ይሸጣል። የአውቶቡሱ ሰልፍ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዟል። የሰብለን ሕንፃ አልፌ ሄድኩ። በዚህ ሰዓት ቤት እንደሌለች አውቃለሁ፤ ቅዳሜም ትሠራለች። ቢሆንም ወደ አራተኛው ፎቅ ቀና ብዬ አየሁ። መጋረጃዋ ተዘግቷል። ወደዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ የጎበኘኋት አራት ጊዜ ብቻ ነው። መንገዱ ይርቃል እል ነበር።

ከመጨረሻው ሕንፃ በኋላ ፒስታው ጀመረ። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ ሰማያዊው በደስታ ሄደ። «ፒስታ፤ አልፏል» ብዬ ጻፍኩ። ከመንገዶቹ የቀረው ጭቃው ብቻ ነበር።

3፡30። መረሬ

አንባቢ አፈሩን ካላወቀው የሆነውን አያምነውም። በአማርኛ መረሬ፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው ይህ ጥቁር አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የነካውን ሁሉ ይይዛል። የመጣበቅ ኃይሉን በላቦራቶሪ ለክቼዋለሁ፤ ስለ እርሱም ብዙ ገጽ ጽፌያለሁ። ወደ መስኩ የመጣሁት ግን ሁልጊዜ በመንግሥት መኪና፣ መንገዱን በሚያውቅ ሾፌር ነበር። በዚህ አፈር ላይ በሁለት ጎማ ሄጄ አላውቅም፤ በሰንጠረዤም ውስጥ «ጭቃ የሚያልፍበት ክፍተት» የሚል ዐምድ አልነበረም።

ሠላሳ ሜትር ያህል ሄድኩ። ጭቃው ከጎማው ጋር ዞረ፤ ከፓራፋንጎው ሥር ገባ፤ የሚወጣበት ሲያጣ እዚያው ጠነከረ። ፔዳሉን ብረግጥ የፊት ጎማው አልዞር አለ፤ ቀጥሎ የኋላው ቆመ። በቀስታ፣ በክብር ለማለት ይቻላል፣ በጎኔ ወደቅሁ። ጭቃው ስለተቀበለኝ አልተጎዳሁም። ተነሥቼ ብስክሌቱን ለመግፋት ሞከርኩ፤ እንደ ቆመ በሬ እምቢ አለ። ብሸከመው ሁለት ኪሎ የቀለለው ብስክሌት ከጭቃው ጋር የሁለት ሰው ሸክም ሆኗል።

«አካም ቡልተን፣ ጋሼ» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አለኝ ከኋላዬ አንድ ሰው።

ኦቦ ደበላ ይባላል። ቦት ጫማ ያደረገ፣ ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው። መሬቱ በአብዛኛው ለሕንፃዎቹ ሄዷል፤ አሁን እዚያው የግንባታ ዕቃ ይጠብቃል፤ ሁለት ላሞችም ቀርተውታል።

«አንቱ ነዎት ብስክሌቱን ያመጡት፣ ወይስ እሱ ነው ያመጣዎት?»

«እስከዚህ እሱ አመጣኝ፤ ከዚህ በኋላ ግን አልተስማማንም» አልኩት።

ስቆ ከአጥር እንጨት ሰበረና ጎማውን መፋቅ ያዘ። እየፋቀም ያወራል።

«በዚህ መንገድ የምትመጣ የከብት ሐኪም አለችን። ልጅ ናት፤ እጇ ግን ጥሩ ነው። እሷ እንኳ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የምታልፈው። አሁን ልትሄድ ነው ይላሉ።»

«ማን ይላል?»

«ሰው ሁሉ። የጎረቤቴ ላም የሞተች ዕለት፣ ያውልዎ፣ እዚያች ሣር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰውዬው ላሙን ትቶ እሷን ሲያባብል ዋለ። "ሌላ ላም ይገኛል፣ አንቺ ብቻ አታልቅሺ" ይላታል። እንግዲህ ብትሄድ አንፈርድባትም። እግር እስከ መቼ ይችላል?»

ማልቀሷን አልነገረችኝም። አልጠየቅኋትም ነበር።

«ልጄ ናት» አልኩት።

ደበላ መፋቁን ተወ። እኔን፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን አየ። «ይሄን ለእሷ ብለው ነው የመረጡት?»

«አዎን።»

«ይቀይሩት» አለኝ።

ከጥበቃ ቤቱ ፒንሳና መፍቻ አምጥቶ ሁለቱን ፓራፋንጎዎች ነቀላቸው። በጎማውና በሹካው መካከል ጣቴን አስገባሁ፤ አንድ ገባ፤ ሁለተኛው እምቢ አለ። እንደገና ሞከርኩት፤ ሃምሳ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ስልኬን አወጣሁ።

«ለማ።»

«የት ደረስክ?»

«ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ።»

«ቆመ?»

«ቆመ።»

«ፓራፋንጎውን አውልቀህ ስንት ጣት ገባ?»

«አንድ።»

አልሳቀም። ይህን ውለታውን አልረሳውም። «እዚያው ጠብቀኝ» ብሎ ዘጋ።

4፡10። የደበላ ጥበቃ ቤት

ለማ ከአቃቂ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴውን እየነዳ በፒስታው ብቅ አለ።

«በምን በረርክ?»

«ካንተ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ወጣሁ። ኮዬ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ነበር። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳልጨርስ ነው የደወልክ።»

«እንደሚቆም ካወቅህ ለምን አልከለከልከኝም?»

«ሐሙስ ነግሬሃለሁ። ዛሬም ጣቴን አሳይቼሃለሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይንገረው አልኩ። አንተ ከእኔ ይልቅ ከመሬት ብትሰማ ይሻልሃል።»

ደበላ ይህን ሲሰማ ወገቡን ይዞ ሳቀ። ለማ ጎማዎቹን በትንሹ አስተነፈሰና ወደ መረሬው ገባ። መሃል መሃሉን አልሄደም፤ ሣር ያለበትን ዳር ዳሩን ያዘ። ጭቃው ከጎማው ጋር ወጣ፤ እንደ ዳቦ ወፈረ፤ ከዚያ በሹካው መካከል አልፎ በራሱ ክብደት ዱብ አለ። ጎማው ቀጠለ። ከሩቅ ሲመለስ ጀርባው እስከ ማጅራቱ ጥቁር ነበር።

«ይሄ ብስክሌት ጭቃ አይከለክልም፤ ያራግፋል» አለኝ ሲወርድ። «ንጹሕ ሆና እንድትደርስ ነው የፈለግኸው፣ ወይስ እንድትደርስ?»

አረንጓዴውን ተቀበልኩት። እሱ ሰማያዊውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ፣ ነቅለን የጣልናቸውን ፓራፋንጎዎች በብብቱ ይዞ ወደ ፒስታው ተመለሰ። ደበላ በእንጨቱ ወደ አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ጠቆመኝ። «ልጅዎ ዛሬ እዚያ ናት። በሬ ታሞባቸው ነው።»

5፡00። ከባሕር ዛፉ አጥር ውስጥ

አረንጓዴው ከባድ ነው፤ ዳገቱንም ሰማያዊው የወጣውን ያህል አይወጣም። ሁለት ቦታ ወርጄ ገፋሁት። ጎማው ግን አንድ ጊዜም መዞሩን አላቆመም። በእግር አንድ ሰዓት የሚጠጋውን ከደበላ እስከ አጥሩ ያለውን መንገድ በሃያ ደቂቃ ጨረስኩት።

ሰብለ ተንበርክካ የበሬ ሰኮና እያጠበች አገኘኋት። የበሬው ባለቤት ቀንዱን ይዞላታል። ቀና ብላ አየችኝና መጀመሪያ አላወቀችኝም።

«አባባ? ምን ሆነህ ነው?»

«ብስክሌት እየመረጥኩ ነው።»

«አንተ ራስህ ነድተህ?»

«የለማ ደንብ ነው።»

ሰኮናውን አሥራ ስትጨርስ እጇን ታጠበችና በብስክሌቱ ዙሪያ ዞረች። መጫኛውን ነካች፤ የመድኃኒት ሣጥኗን አንሥታ አስቀመጠችበት፤ ልክ ሆነ። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጥታ በሣሩ ዳር፣ ከአጥሩ ወዲያ እስካለው ወንዝ ደርሳ ተመለሰች። ስትመለስ ጉንጯ ላይ ጭቃ አለ፤ ትንፋሿም ፈጥኗል።

«ይሄ ለጂንካም ይሆናል» አለች።

በሬው አንድ ጊዜ አገሳ። የምለውን ደጋግሜ አሰብኩት፤ ስለ ጂንካ ዝናብ ልናገር እችል ነበር።

«ይሆናል» አልኳት። «ጂንካን ግን አልሞከርኩትም። የሞከርኩት የዚህን አገር መንገድ ነው። የሞከርኩትም እንድትቀሪ ፈልጌ ነው። ያን እሑድ ልልሽ የነበረውም ይህንኑ ነው።»

ሰብለ ለረጅም ጊዜ ወደ ጫማዬ ተመለከተች፤ ከጭቃው የተነሣ ጫማ መሆኑ አይታይም።

«ይህን ለማለት ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት ነበረብህ?»

«ይመስለኛል።»

ባለቤቱ የማይሰማ መስሎ የበሬውን ጀርባ ያክካል። ስልኳ ጠራ፤ በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋግራ ዘጋችው። ከወንዙ ማዶ አንዲት ላም ምጥ ጀምራለች። ሣጥኑን በገመድ ማሰር ጀመረች፤ እኔም ከወዲያ በኩል ገመዱን ያዝኩላት።

«ጎማው ምን ያህል ጊዜ ይቆያል ይላል ለማ?» አለች ቋጠሮውን እያጠበቀች።

«በዚህ መንገድ ሁለት ክረምት።»

«እንግዲያው ለሦስተኛው ክረምት ሌላ ጎማ ያስፈልገኛል። ከአሁኑ እንዲፈልግልኝ ንገረው።»

ይህን ብላ ወጣች። በሣሩ ዳር፣ ከዚያ በውሃው መሻገሪያ፣ ከዚያ በማዶው ዳገት ሳያት ቆየሁ፤ አንድ ቦታ ወርዳ ገፋችው፤ እንደገና ተሳፈረች። ባለ በሬው ወንበር አውጥቶልኝ ነበር፤ እኔ ግን ቆሜ ማየቱን መረጥኩ። ከሰዓት በኋላ የማዶው ሰው ለባለ በሬው ደውሎ፣ እሱ ላሟም ጥጃውም ደኅና መሆናቸውን ሲነግረኝ፣ አመስግኜው በእግሬ ወደ ኮዬ አውቶቡስ መንገድ ጀመርኩ።